ተጫራች ያልቀረበበት ቤት

በእኛ ሰፈር የሌንጂሳ ቤት ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ባንኩን ይረግማል። እኔም በሰው ፊት አብሬ እረግማለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ግን ባንኩን የምረግምበት አፍ የለኝም። ባንኩ የፈለገው ገንዘቡን ነበር። ሌንጂሳን ባዶ እጁን ከቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጉግሳ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አምቦ ላይ ሒሳብ ያስተማርኩት፣ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ሰዉ አክብሮ የዕድር ዳኛ ያደረገኝ ሰውዬ።

ሌንጂሳ ተማሪዬ ነበር። ዛሬም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው “ቲቸር” ነው የሚለኝ። የወፍጮ ዕቃ ይነግዳል። ቺንጋና ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ እያመጣ ከእኛ ከተማ እስከ ባኮ ላሉ ወፍጮ ቤቶች ያቀርባል። ሚስቱ ሲንቄ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ትሠራለች። በ2013 ዓ.ም. ሌንጂሳ ከአባቱ በወረሰው ቦታ ላይ ፎቅ ጀመረ፤ ሥሩ ሁለት ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ። ለዚያም ቦታውንና ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበደረ፣ በመቶ አሥራ ሦስት ተኩል ወለድ። ከመፈረሙ በፊት ውሉን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። አነበብኩለት። “ባንኩ እንደ ገበያው ሁኔታ ወለዱን ሊያሻሽል ይችላል” የምትል አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀኝ።

“እሷ ለወጉ የምትጻፍ ናት፤ በሁሉም ውል ላይ አለች” አልኩት። መነጽሬን አውልቄ ነበር የተናገርኩት፣ እንደ ዐዋቂ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አምቦ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሚንቶ በሦስት እጥፍ ወጣ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ዕቃው አዲስ አበባ ተቀምጦ ከረመ። እንዲያም ሆኖ ሌንጂሳ በየወሩ አርባ አራት ሺህ ብሩን ሳያጓድል ከፈለ፣ ጣሪያውን አልብሶ ገባ። በሐምሌ 2016 መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው ግን ወገቡ ተቆረጠ። ዶላር ሽቅብ ወጣ፤ ከውጭ የሚመጣው ኩሽኔታም ተከትሎት ወጣ። ባለወፍጮዎቹ አዲስ መግዛት ትተው አሮጌውን እያስበየዱ መሥራት ጀመሩ። ሱቁ ዕቃ ሞልቶበት ሰው ጠፋበት። በዚያው ሰሞን ከባንኩ ደብዳቤ መጣ፤ ወለዱ አሥራ ሰባት ሆኗል የሚል። ሌላ ደብዳቤ ተከተለ፤ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ያቺ ለወጉ የተጻፈችው መስመር ሥራዋን ጀመረች ማለት ነው። የወር ክፍያው ሃምሳ አንድ ሺህ ገባ። ሌንጂሳ አንድ ወር አሳለፈ፣ ሁለተኛውን ደገመ፣ ከዚያ በኋላ መክፈል አቃተው።

ለምን ራሱ ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ የቀረውን አልያዘም የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬው ነበር። ሁለት ነገር ያዘው። አንደኛ፣ ባንኮች ማበደር አቁመው ስለነበር በብድር ቤት የሚገዛ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውና ዋናው ግን ኩራቱ ነው።

“ቲቸር፣ አባቴ የተወለደበት ቦታ ነው” አለኝ። “ደላላ ግቢዬን አይረግጥም። መሸጫ ወረቀት ላይ ከምፈርም እጄ ይቆረጥ።”

እኔም ይህን ስሰማ እንደ ሞኝነት አላየሁትም። ወንድነት መሰለኝ፤ አድንቄው ወጣሁ።

በየካቲት 2017 የሐራጁ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንዱ ቆርጦ አመጣልን። የሌንጂሳ ስም ከነአባቱ፣ የቤቱ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ብር። ገበያ ላይ ቢወጣ እጥፍ የሚያወጣ ቤት ነው። መነሻው ዝቅ ያለው ባንኩ ብድሩን የሚመልስለትን ያህል ብቻ ስላየ ነው።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕድሩን ሰበሰብኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሌንጂሳ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቶ። ተነሳሁና አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

“የወንድማችን ቤት ለሐራጅ ቀርቧል። ባንክ ይህን ቤት አይኖርበት፣ አያርሰው፣ አይወልድበት! ገዢ ካጣ ምን ያደርገዋል? ወደ ሽምግልና ይመጣል፣ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ከዚህ ዕድር አንድም ሰው አይጫረትም። ዘመዱንም አይልክም። የገባ ሰው ግን፣” አልኩና ትንሽ ዝም አልኩ፤ እንዴት ዝም እንደሚባል አውቅበታለሁ። “የገባ ሰው ግን ድንኳናችን አይተከልለትም፤ ሬሳውንም አንሸኝም።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሌላ ሰፈር ዕድሮችም በሳምንቱ ተከተሉን። ሌንጂሳ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት፤ እያለቀሰ ነበር። “ገለቶሚ፣ ቲቸር” ብሎ አመሰገነኝ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሚስቱ ሲንቄ ግን በሴቶቹ በኩል ተቀምጣ አላጨበጨበችም። አየኋት። በመደንገጥ ነው ብዬ አለፍኩት።

አምስት ሽማግሌ ሆነን ወደ ባንኩ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ናትናኤል የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ አስቀመጠን፣ ውሃ አቀረበልን፣ እስክንጨርስ አዳመጠን።

“አባቶቼ፣ ሥልጣኑ የዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ እኔ ማራዘም አልችልም” አለ። “ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው እንዳይጫረት ከልክላችኋል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ለእሳቸው አይበጅም። ተጫራች በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ከዕዳው የተረፈው ደግሞ የእሳቸው ነው።”

“ልጄ፣ እኛ ነገር ሳይገባን አልመጣንም” አልኩትና ተነሣሁ። ደረጃውን ስንወርድ “ይህ ሊሸውደን ነው” ብዬ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጀመሪያው ሐራጅ ቀን አንድም ሰው አልገባም። ከባንኩ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ላይ ናትናኤል ወረቀቱን ይዞ ብቻውን ሲወጣ ሰፈሩ በደስታ ሰከረ። ሰው እየመጣ እጄን ይጨብጠኝ ነበር። የባንኩን ወገብ ሰበርክ ያለኝም አለ።

ሁለተኛው ሐራጅ ከመድረሱ ከሦስት ቀን በፊት ሲንቄ በጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ እኔ ዘንድ ጎራ አለች። ግቢ ብላት እምቢ ብላ በረንዳው ላይ ቆመች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

“ጋሼ፣ እኔ መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው፤ የብዙ ሰው ቤት እንዲህ ሲሄድ ፋይሉን አይቻለሁ” አለችኝ። “በሁለተኛውም ሐራጅ ሰው ካልቀረበ ባንኩ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ራሱ ይወስደዋል። ሕጉ ነው። ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ፣ በቃ። ዕዳው ከነቅጣቱ እዚያው ደርሷል። ለእኛ የሚተርፍ ነገር የለም።”

“ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?”

“ጂራ ይግባ።”

ጂራ የባኮ ሰው ነው፤ የበቆሎ ነጋዴ። አምቦ ላይ ሃያ ዓመት ኖሯል፣ የዕድራችን አባል ነው። ዶላር ሲጨምር የመኪና ዋጋም አብሮ ስለጨመረ የጭነት መኪናውን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ነበር።

“ጂራን አነጋግሬዋለሁ” አለች። “ብቻውን ቢገባ እንኳ አራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ እጠራለሁ ብሎኛል። ላይኛውን ቤት ለእኛ ያከራየናል፣ ሱቁንም። ከዕዳው የተረፈው ለእኛ ይመለሳል። ኤቢሴ ትምህርቷን ትጨርሳለች።” ኤቢሴ ልጃቸው ናት፤ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ላቦራቶሪ ታጠናለች።

“እንዲያ ከሆነ ለምን በቀጥታ አይሸጥለትም?”

“ሌንጂሳ አይፈርምማ! ያውቁት የለ? ሐራጅ ግን ፊርማውን አይጠይቅም።”

“ብቻውን ገብቶ በመነሻው ቢወስደውስ? ሰው ታምኛለሽ?”

“ቢወስደውስ፣ ጋሼ? ከባንኩ ይብሳል?”

ሠላሳ ሁለት ዓመት መቶኛ ያስተማርኩ ሰው፣ ከአራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ላይ ሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አላጣሁትም። ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ብር ነው። አዲስ ዓለም ከተማ ላይ ደህና ቤት የሚገዛ፣ ልጅ የሚያስተምር ገንዘብ። በልቤ ቁጥሩን ደመርኩት፣ ቀነስኩት፤ ትክክል ነበረች። ግን ያ አዳራሽ፣ ያ ጭብጨባ ትዝ አለኝ። እንደገና ሰብስቤ “ተሳስቼ ነበር” ልላቸው ነው? በዚያ ላይ አንዲት ሴት መጥታ ነግራኝ?

“ሌንጂሳ ያውቃል?” አልኳት።

“አያውቅም። ቢያውቅ ይሞታል።”

“ባልሽ የማያውቀውን ነገር እኔ አላደርግም” አልኩ። ጨዋ ለመምሰል ጥሩ ንግግር ናት፤ ያን ጊዜ ራሴንም አሳመነችኝ።

“ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ። አያድርጉ። ዝም ብቻ ይበሉ፤ ጂራን አይከልክሉት።”

አያለሁ አልኳት። ሄደች።

በሁለተኛው ሐራጅ ቀን ጠዋት አምስታችን ሽማግሌዎች ከባንኩ ደረጃ ሥር ቆምን። ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ጂራ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይታያል። ለጨረታ ማስያዣ ከባንክ ያሠራው ቼክ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አምስቱም፣ ማለቴ አራቱም፣ እኔን አዩኝ።

“ጂራ፣ ወዴት ነው?” አልኩት።

ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ኦቦ ጉግሳ፣ ሲንቄ አልነገረችዎትም?”

“ነግራኛለች” አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ።

“እንዲያ ከሆነ ልለፍ። ለወንድሜ ብዬ ነው።”

ዝም ማለት እችል ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን አራቱ ሰዎች እያዩኝ ነው፤ ዳኛው ምን ይላል ብለው እየጠበቁ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ “ለወንድሜ እያልክ የወንድምህን ቤት ልትወስድ?” አልኩት። “ግባ! ማንም እጅህን አይዝህም። እናትህ እትዬ አየለች አልጋ ላይ ናቸው። የሚመጣውን አንተ ታውቃለህ። ብቻህን ተሸክመህ ትቀብራለህ።”

ጂራ ፊቱ ከሰለ። እናቱ ከገና ጀምሮ ከአልጋ አልተነሡም፤ ለቀብራቸው ሰው የሚጠራበት ቀን ሩቅ እንዳልሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና “እንዲህ ነው ዳኛ!” አለ።

ባንኩ ቤቱን በሁለት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ብር ተረከበው። ዕዳው፣ ቅጣቱና ወጪው ተቀናንሶ ለሌንጂሳ አርባ አንድ ሺህ ብር የሚሆን ቼክ ደረሰው። ቤቱን የሚለቁበት ሠላሳ ቀን ተሰጣቸው። እኔ ያን ወር በሙሉ ባንኩ ለሽምግልና እስኪጠራን ስጠብቅ ነበር። የጠራን የለም። ዕድሩ ዕቃ በማውጣት ረዳ፤ እኔም የአልጋ እግር ተሸክሜያለሁ። ሌንጂሳ አምቦ ላይ ተከራይቶ ቤቱን እያየ መኖር አልቻለም። ሲንቄ ዝውውር ጠይቃ አዲስ ዓለም ገቡ፣ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት። ሌንጂሳ በአንደኛዋ የተረፈውን ቺንጋ ሰቅሎ ይሸጣል። ኤቢሴ ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ አንድ ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች።

እትዬ አየለች በሰኔ አረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ጂራ እጄን ሲጨብጠኝ ዓይኑን አልሰጠኝም።

በ2018 ጥር ላይ ጂራ ቤቴ መጣ። ባንኩ ያንን ቤት ለሽያጭ በጨረታ አውጥቶታል። ልጫረት ፈልጌያለሁ፣ ዕድሩ ምን ይላል ሲል ጠየቀኝ፤ እንደ ሕግ አክባሪ ሰው አስቀድሞ። ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረብኩት። አንድም ሰው አልተቃወመም። “አሁን የወንድማችን ቤት አይደለም፣ የባንክ ነው፤ ከባንክ መግዛት ነውር የለበትም” ተባለ። ይህን ያለው ማን እንደሆነ ለመናገር አፍራለሁ፤ እኔው ነኝ። አምስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ብር ከፍሎ ወሰደው። የሌንጂሳን ዕዳ ችሎ ለሌንጂሳ ይተርፍ የነበረው ገንዘብ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል፣ እንዲያውም ተጨምሮበት፣ ባንኩ ካዝና ገባ።

ቤቱ ሲመረቅ ዳኛ ነኝና መራቂው እኔ ሆንኩ። ሲንቄ ራሷ ቀለሙን የመረጠችው ሳሎን ውስጥ ቆሜ “ቤቱን የበረከት ያድርገው፣ ወልዳችሁ ሳሙበት” አልኩ። ሰዉ አሜን አለ። ጂራ ከመውጣቴ በፊት በረንዳው ላይ ያዘኝ።

“ኦቦ ጉግሳ፣ ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ያን ቀን ኪሴ ውስጥ የነበረው” አለ። “እኔ አልተጎዳሁም። ይህን እንዲያውቁልኝ ነው።”

ቤቴ ገብቼ ለሌንጂሳ ስልክ ደወልኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። እውነቱንም ልነግረው ቆርጬ ነበር፤ የሲንቄን መምጣት፣ የጂራን ቼክ፣ ደረጃው ሥር ያልኩትን፣ ሁሉን።

“ቲቸር! አካም ጂርቱ?” አለኝ፣ ድምፁ ሞቅ ብሎ። ጂራ ቤቱን ከባንክ መግዛቱን ነገርኩት። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ የእኛው ሰው ገባበት” አለ። “ጂራ ጨዋ ነው። ያን ጊዜ ሐራጁ ላይ እጁን አላነሳብኝም። አንድም ሰው አላነሳብኝም። እዚህ ለሰው ሳወራ አያምኑኝም። ሁለት ሐራጅ ወጥቶ ከአንድ ከተማ አንድ ተጫራች አልቀረበም እላቸዋለሁ። ይህን ክብር ያገኘሁት በእርስዎ ነው፣ ቲቸር። አልረሳውም።”

“ሌንጂሳ፣ አንድ ነገር ልነግርህ…” ስል “ቆይ፣ ሲንቄ ሰላም ልትልዎት ነው” ብሎ ስልኩን ሰጣት።

እየተራመደች ስትወጣ ይሰማኛል፤ በር ተከፈተ፣ የመኪና ድምፅ መጣ፣ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ነው የተናገረችው።

“በስንት ገዛው?”

“አምስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ።”

መኪና አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

“ሲንቄ፣ ዛሬ እነግረዋለሁ” አልኩ። “እንደመጣሽ፣ እንዳልሰማሁሽ፣ ጂራን እንደመለስኩት። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እኔ ይህን ይዤ መኖር አልቻልኩም።”

“አይነግሩትም” አለች። ቁጣ የለባትም፤ ድካም ብቻ ነው ድምፅዋ ላይ ያለው። “እርስዎ እንዲቀልልዎት ነው? ቤቱ ሄዷል። የልጄ ትምህርት ሄዷል። ለእሱ የቀረው ሰፈሩ አከበረኝ የምትለው ናት፤ በእሷ ነው ጠዋት ተነሥቶ ሱቁን የሚከፍተው። እሷን ደግሞ አይውሰዱበት።”

እሺ አልኳት።